ሆ ቺ ሚን እና ያልተደረገው ምርጫ

በዚህ ቡለቲን የታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ ስንባል አብዛኞቻችን ወይ ሳይንቲስት ወይ ድምፃዊ ነው የምንመርጠው። እኔ ደግሞ እስቲ የሙያ አጋር ልፈልግ አልኩና ሆ ቺ ሚንን መረጥኩ። አዎ፣ የቬትናሙን ሆ ቺ ሚን! ጓደኞቼ ርዕሴን ሲሰሙ ሰውየው መች ጋዜጠኛ ነበር ብለው ስቀውብኛል። እንግዲህ አንብባችሁ ፍረዱ።

ስሙ ለኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ (በኛ አቆጣጠር) የነበሩት ተማሪዎች በሰልፍ መዝሙራቸው ውስጥ ከቼ ጉቬራ ጋር አጣምረው ይጠሩት ነበር። መሬት ላራሹ ብለው አደባባይ የወጡትም እነሱው ናቸው፤ ተመሳሳይ መፈክር ደግሞ ከነሱ በፊት በቬትናም ገበሬ መንደር ተሰምቷል። በዚያ መዝሙር ሆ ቺ ሚን ጫካ የገባ ፋኖ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ሆ ቺ ሚን ነው፤ ጋዜጣ የሚያዘጋጀው፣ ካርቱን የሚስለው፣ የሕዝብ ድምፅ ይሰማ እያለ ማመልከቻ የሚጽፈው። የሕዝቡን ድምፅ በወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ አገኘው፤ ሁለቱም ጊዜ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ታሪኩን ሳነብ አንድ ጥያቄ አልለቀኝም፦ ምርጫ ይደረግ እያለ ዓለምን የጠየቀ ሰው፣ ሥልጣን በእጁ በገባ ጊዜ ለምርጫና ለጋዜጣ ምን አደረገ?

(ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሆ ቺ ሚን በይፋ በሚታወቀው የልደት ቀኑ ሜይ 19 ቀን 1890 ንጌ አን በሚባለው የመካከለኛው ቬትናም ክፍለ ሀገር ተወለደ። የልጅነት ስሙ ንጉየን ሲን ኩንግ ነበር፤ ከፍ ሲል ንጉየን ታት ታን ተባለ። የስም ነገር ከተነሣ ሰውየው በሕይወቱ ከመቶ በላይ ስሞችንና የብዕር ስሞችን ተጠቅሟል፤ እኔ ሁሉንም ልዘርዝር ብል ቡለቲኑ አይበቃኝም። አባቱ የኮንፊሽየስን ትምህርት የጨረሱ ምሁርና ሹመኛ ነበሩ፤ በኋላ ግን ከሹመታቸው ተሽረዋል። አገሪቱ ያኔ በፈረንሳይ እጅ ናት። ፈረንሳይ ቬትናምን ሦስት ቦታ ከፍላ ነበር የምትገዛው፦ ሰሜኑን ቶንኪን፣ መሃሉን አናም፣ ደቡቡን ኮሺንሺን ብላ። ይህን ክፍፍል ያዙልኝ፤ ኮሺንሺን የሚባለው ስም ተመልሶ ይመጣል።

በጁን 1911 ልጁ ሳይጎን ላይ በአንድ የፈረንሳይ መርከብ የወጥ ቤት ረዳት ሆኖ ተቀጠረና ሄደ። አገሩን ተመልሶ የረገጠው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ለንደን ኖሯል፣ ብዙ ወደቦችን አይቷል፣ በመጨረሻም ፓሪስ ገብቶ ፎቶግራፍ የማሳመር ሥራ ይዞ በድህነት ተቀመጠ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በ1919 አንደኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ ኃያላኑ ቬርሳይ ላይ ተሰብስበው ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሕዝቦች ዕድላቸውን በራሳቸው ይወስኑ የሚለውን ሐሳብ ይዘው መጥተዋል። ይህን የሰሙ የፓሪስ ቬትናማውያን ስምንት ነጥብ ያለው ማመልከቻ አዘጋጁ። ፊርማው ንጉየን አይ ኩዎክ ይላል፤ አገሩን የሚወድ ንጉየን እንደማለት ነው። ይኸው የኛ ሰው ነው። ፈረንሳይኛው ገና ስላልጠነከረ ፋን ቫን ትሩዎንግ የሚባል የሕግ ባለሙያ በአጻጻፍ ረድቶታል። ማመልከቻውን ያነበበ ሰው ይገረማል፤ ነፃነት የሚል ጥያቄ የለበትም። የፖለቲካ እስረኞች ይፈቱ ይላል፣ የአገሬው ሰው በፍርድ ቤት ከአውሮፓውያን እኩል ይታይ ይላል። ለኔ ከሁሉ የሚበልጡት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው የፕሬስና የሐሳብ ነፃነት ይሰጥ የሚለው ሲሆን ሌላው በአገሬው ሰው የተመረጡ ቋሚ ተወካዮች በፈረንሳይ ፓርላማ ይገኙ የሚለው ነው። ጋዜጣና ምርጫ፣ በአንድ ወረቀት ላይ! ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ወጣት አደባባይ ሲወጣ የጠየቀው ይህንን ነው።

ኃያላኑ ማመልከቻውን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ትኩረት የሰጠው የፈረንሳይ ፖሊስ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰላይ ተመደበለት። (ዛሬ ስለ ፓሪስ ሕይወቱ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚጽፉት አብዛኛው ነገር ከነዚያ ሰላዮች ሪፖርት የተገኘ ነው። ሰላይም አንዳንዴ ጥሩ ዘጋቢ ነው ማለት ነው።)

በዲሴምበር 1920 ቱር ከተማ ላይ በተደረገው የሶሻሊስቶች ጉባኤ ከፈረንሳይ ኮሚኒስት ፓርቲ መሥራቾች አንዱ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ስለ ቅኝ ግዛት ጉዳይ ሥራዬ ብለው የሚያወሩለት እነሱን አገኘ። በኤፕሪል 1922 ደግሞ ከሌሎች የቅኝ ግዛት ተወላጆች ጋር «ለ ፓርያ» የተባለ ጋዜጣ አወጡ፤ የተጣለው፣ የተገለለው ማለት ነው። ጽሑፉን ይጽፋል፣ ያርማል፣ ካርቱን ይስላል፣ ወጥቶም ያድላል። በቅኝ ግዛቶቹ ጋዜጣው የተከለከለ ስለነበር በድብቅ ነበር የሚገባው። ቀጥሎ ሞስኮ፣ ከዚያ የቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ። እዚያም በጁን 21 ቀን 1925 «ታን ኒየን» የተባለውን የወጣቶች ጋዜጣ ጀመረ። ቬትናም ዛሬም የጋዜጠኞች ቀንን የምታከብረው በዚሁ ቀን ነው። የሳቃችሁ ጓደኞቼ ሆይ፣ ሰማችሁ?

ቀጣዩን አሥራ አምስት ዓመት በሩጫ ልለፈው። በ1930 ሆንግ ኮንግ ላይ የቬትናምን ኮሚኒስት ፓርቲ መሠረተ። በ1931 እንግሊዞች እዚያው ሆንግ ኮንግ አሰሩት፤ በ1932 የኮሚኒስት ጋዜጦች ሞተ ብለው ዘገቡ። አልሞተም ነበር። አንድ እንግሊዛዊ ጠበቃ ተከራክሮለት በ1933 መጀመሪያ ከዚያ ወጣ። ወሬን ሳያረጋግጡ የመጻፍ ችግር የዛሬ ብቻ እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል ነው የነገርኳችሁ።

በ1941 መጀመሪያ የቻይናን ድንበር አቋርጦ ፓክ ቦ በሚባል ቦታ ዋሻ ውስጥ ገባ። አገሩ ከገባ በኋላ ካደረጋቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋዜጣ ማውጣት! በድንጋይ ማተሚያ የሚታተም ትንሽ ጋዜጣ ነበር። ቪየት ሚን የተባለውን ግንባርም በዚያው ዓመት አቋቋመ። ዓለም በሁለተኛው ጦርነት ላይ ነበረች፤ ጃፓን ኢንዶቻይናን ይዛ፣ የፈረንሳይን ሹማምንት ደግሞ እስከ ማርች 1945 በቦታቸው ትታ ነበር። በዚያ ክረምት ሰሜን ቬትናም ውስጥ የወረደው ረሃብ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ሰው ፈጅቷል ተብሎ ይገመታል። ቪየት ሚን የሩዝ ጎተራዎችን እየሰበረ ለሕዝብ ማደሉ ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ ሰው አስከተለለት።

ጃፓን እጅ ስትሰጥ ሃኖይ ባዶ ወንበር ሆና ተገኘች። በሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 በባ ዲን አደባባይ ሆ ቺ ሚን በሚል አዲስ ስሙ የነፃነቱን አዋጅ አነበበ። አዋጁ የሚጀምረው ከአሜሪካ የነፃነት መግለጫ በተወሰደ ሐሳብ ነው። መሃል ላይ ቆም ብሎ ሕዝቡን ድምፄ ይሰማችኋል ወይ ብሎ መጠየቁን ብዙዎች ጽፈውታል። የዚያን ቀን መድረክ በጥቂት ቀን ውስጥ ያሠራውና ሥነ ሥርዓቱን ያዘጋጀው ንጉየን ሁ ዳንግ የሚባል ሰው ነው። ይህንንም ስም ያዙልኝ።

እዚህ ላይ ሰውየው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በኛ ባህል ከአሁን በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ።

ሆ ቺ ሚን ሥልጣን በያዙ በአራት ወራቸው ምርጫ አደረጉ። ጃንዋሪ 6 ቀን 1946 ዓ.ም. ዕድሜው 18 የሞላ ወንድም ሴትም ድምፅ ሰጠ። በደቡብ ፈረንሳዮች ተመልሰው ስለገቡ ድምፅ የሚሰጠው በተኩስ መሃል ነበር። 333 ተወካዮች ተመረጡ። ሆ ቺ ሚን ሃኖይ ላይ ከመቶ 98.4 አገኙ። ምርጫው ንጹሕ ነበር ወይ? አስቀድሞ በተደረገ ስምምነት 70 ወንበር ለሁለት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ያለ ድምፅ ተሰጥቷል፤ ይህ ደግ ሥራ ይምሰል እንጂ መራጩ የማያውቀው ድርድር ነው። ያም ሆኖ የቅኝ ተገዢ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ይዞ ተሰልፏል። ፈረንሳይ በሰማንያ ዓመት ያላደረገችውን እሳቸው በአራት ወር አደረጉት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚሁ ዓመት ማርች 6 ቀን ከፈረንሳይ ጋር ተፈራረሙ። ፈረንሳይ ቬትናምን በፈረንሳይ ኅብረት ውስጥ ያለች ነፃ መንግሥት ብላ ትቀበላለች፤ 15,000 የፈረንሳይ ወታደር ወደ ሰሜን ይገባል፣ በአምስት ዓመት ውስጥም ይወጣል። ሦስቱ ክፍሎች አንድ ይሁኑ አይሁኑ የሚለውን ደግሞ ሕዝቡ በሪፈረንደም ይወስናል። ብዙ ሰው አገር ሸጡ ብሎ አማቸው። እሳቸው ግን በሪፈረንደሙ ተማምነዋል፤ ሕዝቡ ከተጠየቀ መልሱን ያውቁታላ! ለመጨረሻ ድርድር በሜይ መጨረሻ ወደ ፈረንሳይ ተነሡ። ገና በመንገድ ላይ ሳሉ፣ ጁን 1 ቀን፣ በሳይጎን የፈረንሳይ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት አድሚራል ዳርዣንልዩ ኮሺንሺን ራሱን የቻለ ሪፐብሊክ ሆኗል ብለው አወጁ። ማንንም ሳይጠይቁ። የመጀመሪያው የሕዝብ ድምፅ እንዲህ ሆኖ ቀረ። በኖቬምበር የፈረንሳይ መርከቦች ሃይፎንግን ደበደቡ፣ በዲሴምበር 19 ሃኖይ ውስጥ ጦርነቱ ተጀመረ።

ስለ ስምንት ዓመቱ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ወደ መጨረሻው ልዝለል። ሜይ 7 ቀን 1954 ዲየን ቢየን ፉ ላይ የፈረንሳይ ጦር እጅ ሰጠ። በማግሥቱ ጄኔቫ ላይ የኢንዶቻይና ጉባኤ ተከፈተ። እኔ እንደሚገባኝ የሆ ቺ ሚን ሕይወት እውነተኛው መስቀለኛ መንገድ ድሉ ሳይሆን ይህ ስብሰባ ነው።

እሳቸው ጄኔቫ አልሄዱም፤ የልዑካኑ መሪ ፋም ቫን ዶንግ ነበሩ። ጠባቸው ሁለት ነገር ላይ ነበር፦ አገሪቱ ለጊዜው የት ላይ ትከፈል፣ ምርጫውስ መቼ ይሁን። ዶንግ መስመሩ በ13ኛው የኬክሮስ መስመር ይሁን ብለው ጀመሩ፣ ወደ 16ኛው ወጡ፣ በመጨረሻም 17ኛው ላይ ቆመ። ምርጫው በስድስት ወር ውስጥ ይደረግ አሉ። ፈረንሳዮች ጭራሽ ቀን እንዲቆረጥ አልፈለጉም። በመጨረሻ ሁለት ዓመት የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት የሶቪየቱ ሞሎቶቭ ናቸው። እናላችሁ፣ ጠላት ሳይሆን ወዳጅ ነው ያዳከማቸው! ሶቪየትም ቻይናም ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ከአሜሪካ ጋር ሌላ ጦርነት አልፈለጉም። የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ በጁላይ መጀመሪያ ከሆ ቺ ሚን ጋር ሊዩዡ በምትባል የደቡብ ቻይና ከተማ ተገናኝተው ለሦስት ቀን ሲያግባቡ ከረሙ። ሆ ቺ ሚን ተቀበሉ። ተመልሰውም ይህ ክፍፍል ጊዜያዊ ነው፣ ምርጫው አንድ ያደርገናል ብለው ጓዶቻቸውን ያሳመኑት ራሳቸው ናቸው።

የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜንዴስ ፍራንስ እስከ ጁላይ 20 ካልጨረስኩ ሥልጣን እለቃለሁ ብለው ስለነበር ቀኑ እንዳያልፍ የአዳራሹ ሰዓት እንዲቆም ተደርጓል ይባላል። የተኩስ አቁሙ ስምምነት ተፈረመ። ምርጫውን የያዘው ግን ሌላ ሰነድ ነው፤ የመጨረሻ መግለጫ የሚባለው። በዚህ መግለጫ 7ኛ አንቀጽ መሠረት በጁላይ 1956 በመላ አገሪቱ በሚስጥር ድምፅ አሰጣጥ ምርጫ ይደረጋል፤ ከጁላይ 20 ቀን 1955 ጀምሮ ሁለቱ ወገኖች ይመካከራሉ፤ ሕንድ፣ ካናዳና ፖላንድ ያሉበት ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ይቆጣጠራል። እስቲ ይህን መግለጫ ማን ፈረመው? ማንም! ተሰብሳቢዎቹ በቃል ተስማምተናል ብለው ተለያዩ። አሜሪካ በኃይል አላፈርሰውም ከማለት በቀር አልገባችበትም፣ የደቡቡ መንግሥት ተወካይ ደግሞ በይፋ ተቃወመ። እንግዲህ አንድ ሕዝብ ለሁለት ዓመት ያህል ተስፋውን የሰቀለው ፊርማ በሌለው ወረቀት ላይ ነበር።

ሁለቱ ዓመታት እንዴት ይታሰቡ እንደነበር አንድ ትንሽ ነገር ይነግረናል። በስምምነቱ መሠረት ከደቡብ ወደ ሰሜን የተጓዙት ከ90,000 እስከ 130,000 የሚገመቱ የቪየት ሚን ሰዎች ቤተሰባቸውን ሲሰናበቱ ሁለት ጣት ያነሡ ነበር ይባላል። ሁለት ዓመት፣ ከዚያ እንመለሳለን ለማለት ነው። አብዛኞቹ ሚስትና ልጅ ትተው ነው የሄዱት። በተቃራኒው ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ800,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ሰው ወረደ፤ የሚበዙት ካቶሊኮች ነበሩ። እነዚህ ደግሞ ሁለት ጣት አላነሡም፤ በእግራቸው ድምፅ ሰጥተው ሄዱ ማለት ይቻላል። ስለ ሆ ቺ ሚን የሚጽፉ ሰዎች አንዱን ጉዞ ጠቅሰው ሌላውን ሲዘሉት አያለሁ፤ ደስ አይለኝም።

በደቡብ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ንጎ ዲን ዲየም ናቸው። ብሔርተኛ፣ ካቶሊክ፣ ፈረንሳይንም ኮሚኒስቶችንም የሚጠሉ፣ ቤተሰባቸውን እንጂ ማንንም የማያምኑ ሰው። በጁላይ 1955 በራዲዮ ቀርበው ምርጫውን እንደማይቀበሉ ተናገሩ። ሁለት ምክንያት ነበራቸው፦ እኛ አልፈረምንም፣ በሰሜን ደግሞ ነፃ ምርጫ ሊደረግ አይችልም። ሁለተኛው ምክንያታቸው፣ እውነት ለመናገር፣ ባዶ አይደለም። ችግሩ የራሳቸው ነገር ነው። በኦክቶበር 1955 ንጉሡን ባኦ ዳይን ለማውረድ ሪፈረንደም አደረጉና ከመቶ 98.2 አገኘሁ አሉ። ሳይጎን ላይ የተመዘገበው መራጭ 450,000 ገደማ ሲሆን ለዲየም ብቻ ከ605,000 በላይ ድምፅ ተቆጠረ። ሂሳብ የማይሆንለት እንደኔ ያለ ሰው እንኳ ይህን ይይዘዋል።

ከሃኖይ ደብዳቤው ይጎርፋል። በ1955፣ በ1956፣ በ1957፣ በ1958፣ ኑ እንመካከር ይላል። መልሱ ወይ ዝምታ ወይ እምቢታ ነው። የጄኔቫው ጉባኤ ሊቀ መናብርት ብሪታንያና ሶቪየት በ1956 ለንደን ላይ ተገናኝተው ሁለቱም ወገኖች ሰላም ይጠብቁ ብለው ጻፉ፤ የምርጫውን ቀን ግን አላስጨነቁበትም። ጁላይ 1956 መጣ፣ ሄደ። ምንም አልሆነም። ይባስ ብሎ በጃንዋሪ 1957 ሶቪየት ሁለቱ ቬትናሞች ለየብቻ የተባበሩት መንግሥታት አባል ይሁኑ ብላ ሐሳብ አቀረበች። ሆ ቺ ሚን ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1963 ባሳተሙት ማስታወሻ፣ ጦርነቱ እየተካሄደ ሳለ ምርጫ ቢደረግ ምናልባት ከመቶ ሰማንያው ሕዝብ ሆ ቺ ሚንን ይመርጥ ነበር ብለው ጽፈዋል። ይህ ቁጥር የትም ይጠቀሳል። የማይጠቀሰው ግን አይዘንሃወር ያወዳደሯቸው ከባኦ ዳይ ጋር እንጂ ከዲየም ጋር አለመሆኑና ያወሩትም ስለ 1954 እንጂ ስለ 1956 አለመሆኑ ነው። እኛ ጋዜጠኛ ልንሆን የምንማር ሰዎች ቁጥር ስንቀበል ይህን የመሰለውን ነገር መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል። ያም ሆኖ ሆ ቺ ሚን ያሸንፉ እንደነበር ሁሉም ያውቅ ነበር። ምርጫው የቀረውም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ሰሜን እንመለስ። በዚያው 1956፣ ምርጫ ይደረግ የሚለው ደብዳቤ ከሃኖይ ሲወጣ፣ በሃኖይ ግዛት ምን እየሆነ ነበር?

ከ1953 ጀምሮ መሬት ለገበሬ የማከፋፈል ዘመቻ ነበር። መሬት የሌለው ገበሬ መሬት አገኘ፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በየመንደሩ ባለርስት የሚባል ሰው በኮታ ይፈለግ ጀመር፣ በአደባባይ ችሎት እየተፈረደ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተገደለ። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ንጉየን ቲ ናም የምትባል የነጋዴ ባለርስት ናት፤ ለቪየት ሚን ገንዘብና ወርቅ የሰጠች፣ ልጆቿ በሠራዊቱ ውስጥ የነበሩ ሴት። በነሐሴ ወር፣ ኦገስት 1956፣ ሆ ቺ ሚን ስህተት ተሠርቷል የሚል ደብዳቤ ለሕዝቡ ጻፉ። በኦክቶበር ጄኔራል ጂያፕ ስህተቶቹን በአደባባይ ዘረዘሩ፣ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ትሩዎንግ ቺን ከቦታቸው ተነሡ። መሪ ይቅርታ ሲጠይቅ ብዙ ስለማናይ ይህን አልንቀውም። ግን በኖቬምበር ገበሬዎች ባመፁ ጊዜ ወታደር ተላከባቸው። ዓመፁ የተነሣው የት መሰላችሁ? ንጌ አን። የተወለዱበት ክፍለ ሀገር።

በዚያው መጸው ሃኖይ ውስጥ «ንያን ቫን» የተባለ ጋዜጣ ወጣ። አዘጋጁ ፋን ኮይ የሚባሉ አንጋፋ ጋዜጠኛ ነበሩ፤ ጸሐፊዎቹም አብዛኞቹ ከቪየት ሚን ጋር ጫካ የከረሙ ደራስያን ናቸው። ከዋነኞቹ አንዱ ንጉየን ሁ ዳንግ ነው። አስታወሳችሁት? በ1945 የነፃነቱን መድረክ ያሠራው ሰው። ዳንግ የሚጽፈው ስለ ሕግ የበላይነትና በ1946ቱ ሕገ መንግሥት ስለተሰጡት የዲሞክራሲ መብቶች ነበር። ሆ ቺ ሚን በመሩት መንግሥት የወጣውን ሕገ መንግሥት ነው የጠቀሰው፣ ሌላ ባዕድ ነገር አላመጣም። ጋዜጣው አምስት ቁጥር ብቻ ነው የኖረው። በዲሴምበር 1956 አጋማሽ ሆ ቺ ሚን አዲስ የፕሬስ ድንጋጌ ፈረሙ፣ በዚያው ሰሞን የሃኖይ አስተዳደር ጋዜጣውን ዘጋው። ዳንግ በኋላ ተይዞ በጃንዋሪ 1960 የ15 ዓመት እስር ተፈረደበት።

በ1919 ወረቀት ላይ ከነበሩት ሁለት ጥያቄዎች አንዱን፣ ጋዜጣውን፣ ራሳቸው በፊርማቸው መለሱት። ምርጫውስ? በ1946 የተመረጠው የሰሜኑ ምክር ቤት እስከ ሜይ 1960 ድረስ አልታደሰም። እስከ 1954 ጦርነት ነበር፤ ይገባኛል። ከዚያ በኋላ ግን ስድስት ዓመት አለ። ለደቡቡ በየዓመቱ የሚጻፈው ደብዳቤ በሰሜኑ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጻፈም።

ከሆ ቺ ሚን ወገን የሚከራከሩ ጓደኞቼ የሚሉት አለ። አገሩ ተከፍሎ፣ ጠላት በር ላይ ቆሞ፣ ጋዜጣ እንደልብ ሊለቀቅ አይችልም ይላሉ። ከዚያም አልፈው ያን ጊዜ ውሳኔውን የሚወስነው ፓርቲው እንጂ አጎት ሆ ብቻቸውን አይደሉም ይላሉ (ቬትናሞች አጎት ሆ ነው የሚሏቸው)። ሁለተኛው ክርክር ውስጥ እውነት አለ፤ በተለይ ከ1959 በኋላ፣ በደቡብ ትጥቅ ትግል ይጀመር ተብሎ ሲወሰን፣ ዋናው ሰው ሌ ዱዋን እየሆኑ ነበር። የመጀመሪያውን ግን አልቀበለውም። ዲየም ምርጫ ሲከለክሉ ያቀረቡት ምክንያት በሰሜን ነፃነት የለም የሚል ነበር። «ንያን ቫን» በተዘጋበት ቀን የዲየም ምክንያት እውነት ሆነ። ሃኖይ በጋዜጣው ላይ ከማንም በፊት የጎዳችው የራሷን ደብዳቤ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዲየም በኖቬምበር 1963 በራሳቸው መኮንኖች ተገደሉ፣ በ1965 የአሜሪካ እግረኛ ጦር ገባ፣ ሁለት ጣት አንሥተው የሄዱት ሰዎች ብዙዎቹ በመሣሪያ ተመለሱ፣ ብዙዎቹም አልተመለሱም። ሆ ቺ ሚን በሃኖይ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ እየኖሩ፣ ሲጋራ እያጨሱ፣ በተለያየ የብዕር ስም ለፓርቲው ጋዜጣ መጻፋቸውን አላቋረጡም። ስለ ራሳቸው የሚያሞግስ የሕይወት ታሪክ በሌላ ስም የጻፉት ራሳቸው ናቸው ብለው የሚያምኑ የታሪክ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1969 አረፉ፤ አዋጁን ካነበቡ ልክ በ24ኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን። መንግሥት ግን ከነፃነት በዓሉ ጋር እንዳይጋጭ ብሎ ሞታቸውን ሴፕቴምበር 3 ነው አለ። አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ እንዲቀበር በኑዛዜያቸው ጽፈው ነበር፤ እሱም ተደብቆ አስከሬኑ እንዲቆይ ተደረገና በባ ዲን አደባባይ በተሠራ ሐውልት ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ትክክለኛው ቀንም ኑዛዜውም ለሕዝብ የተነገረው በ1989 ነው። ንጉየን ሁ ዳንግ በ1973 ከእስር ወጥቶ እስከ 2007 ኖሯል።

ጦርነቱ በኤፕሪል 30 ቀን 1975 በሳይጎን መያዝ አበቃ። በጄኔቫ ለጁላይ 1956 የተቀጠረው የመላ አገር ምርጫ በኤፕሪል 25 ቀን 1976 ተደረገ፤ 492 ተወካዮች ተመረጡ፣ ከተሸናፊው ወገን የቀረበ ተወዳዳሪ አልነበረም። አዲሱ ምክር ቤት በጁላይ ተሰብስቦ የአገሪቱን አንድነት አወጀ፣ ሳይጎንንም ሆ ቺ ሚን ከተማ ብሎ ሰየማት።